ሰሙ ሰም ነው

ሰኔ ተገባዷል። ሰኞ በጠዋቱ
አርቤጎና ልወጣ፣ ለከብት ክትባቱ።
ጫማዬ በር ላይ ነው፤ ያምናው ጭቃ ደርቆ፣
ምላሱ ተጣጥፎ፣ አፍንጫው ተፍቆ፣
ወደኔ ያያል እንደ ሰው ተጨንቆ።

ቁጥሩ አርባ ሁለት፤ የኔ እግር ሠላሳ ስምንት።
ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበት
ሁለት ክረምት ወጣሁ፣
ደሞዝ በወጣ ቁጥር «አዲስ እገዛለሁ» እያልኩ፣
ራሴን እየዋሸሁ።

ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ሐዋሳ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣
ባጃጅ ከሚታጠብበት፣ ከአጥሩ ገባ
ብላ አንዲት ላስቲክ አለች፣
ሙጫ ሙጫ የምትሸት፣ ወደ ግራ ያዘመመች፤
ጋሽ ላሊሞ ከሥሯ ወስፌ ይሞርዳሉ።

ገና ሳልቀመጥ ሊስትሮው ከጎናቸው ብድግ አለ፦
«እትዬ፣ በኦሞ ልፈትገው፣ ፀሐይ ላይ ላስጣው፣
ቀለም ደራርቤ መስታወት ላርገው!»

ሽማግሌው ሳቁ።
«ኦሞ ለሸሚዝ ነው፤ ፀሐይም ለበርበሬ።
ይሄ እኮ፣ አንተ ልጅ፣ ትናንትና በሬ!
በቁሙ እያለ፣ ሰማይ ሲወርድበት
የገዛ ቅባቱ ነበር ጃንጥላ የሚዘረጋለት፤
አርደን ከገፈፍነው ማን ይስጠው ቅባት?
ባለ ዕዳው እኛ ነን፤ እናብላው እራት።»

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር
በአራት ዓመት ትምህርት አልሰማሁም ነበር።

ክሩን ከየቀዳዳው መዘው አወጡት፣
ጭቃውን በቢላ ጀርባ ፈቀፈቁት፣
ለብ ባለ ውሃ፣ በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለው
ስፌቱን ሥር ለሥር አጠቡት ተከትለው፤
አሮጌ ጋዜጣ አጎረሱት ጠቅልለው።
«ጥላ ውስጥ ይተኛ፤ ከሰል ዳር አይቅረብ፤
በግድ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል ከወገብ።
ነገ ነይ።»

ሌሊቱን ከሐይቁ ንፋስ ገባ ወጣ፤
ጠዋት ስደርስ ቆዳው፣ ወዙን ተቀምቶ፣ አመድ መስሎ ነጣ።
የሳርዲን ቆርቆሮ ከሰል ላይ ተጥዷል፤
ከበንሳ የመጣ ሰም ከሞራ ጋር ቀልጧል።

እናንተ ቅኔ አዋቂዎች፣ ታገሡኝ እባካችሁ፣
ሰም በሰማችሁ ቁጥር ወርቅ አይታያችሁ።
ይሄ ሰም ሰም ነው። ጣት ያቃጥላል።
ንብ ንብ ይሸታል። ስፌት ይሞላል።
ውሃ ይመልሳል። ሌላ ሙያ አያውቅም።
በጣታቸው ነው የሚቀቡት፦
«ጣት ያያል፤ ጨርቅ ዓይን የለውም።»

ግራው ተረከዝ ላይ ጣታቸው ቆመች።
አንዲት ስፌት አለች፣
ከሌሎቹ ወፍራም፣ ጠመም ያለች፣
ጫፏ ላይ ሁለቴ የተቋጠረች።

«የኔ ናት» አሉ፣
ቀና ሳይሉ።
«ሰማንያ ስምንት ይሆን? ሰማንያ ዘጠኝ?
ግራ እግሩን የሚጎትት አንድ ቀያሽ ነበር፣ ደንበኛዬ።
ስሙን አላስታውስም፤ መልኩም ጠፍቶብኛል፤
እግሩን ግን አውቀዋለሁ። ወደ ውጭ ያጋድል ነበር፤
ይኸው፣ ሶሉ ይነግረኛል።»

አባቴ ነው። ሻንቆ።
ቤት ውስጥ አንድም ቀን ሲያነክስ አላየሁም፤
ጫማውን ደጅ አውልቆ፣
ቀጥ ብሎ ነበር የሚገባ፣ ሁሌም።
እኔም ሁለት ዓመት ግራ ጉልበቴን ሲያመኝ፣
«መቆም አብዝቼ ነው» ብዬ ቅባት ስቀባ ከረምኩኝ፤
ለካስ በሱ ተረከዝ ኖሯል የሄድኩኝ።

አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

«ሶሉ አንድ ወገን አልቋል፤ ላስተካክለው?» አሉኝ።
ትንሽ አሰብኩና፦
«ሶሉን አስተካክሉት። ስፌቷን ተዉልኝ።»

ሲጨርሱ ከጀሪካኑ ውሃ በእፍኝ ጨልፈው
አፍንጫው ላይ ጣሉበት።
ውሃው ክብ ክብ ሠርቶ፣ ተንከባሎ ሄደ፤
ከደጅ እንደመለሱት እንግዳ
ወደ ባጃጆቹ ወረደ።

«ስንት ልክፈል?» አልኩኝ።
«የሰም ሁለት መቶ፤ የሶል ሦስት መቶ» አሉ፣ በጣት ቆጥረው፤
ፊቴን አዩት ቆይተው።
«የስፌቷን እሱ ከፍሏል። በጊዜው።»